የባሕር በር የሌላት ስላቭ ቀመስ ሪፐብሊክ እንዴት ትፈጠራለች?

ብዙ ሰው የምናብ ሀገር ልፍጠር ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ ባንዲራ ይስላል። ከዚያ ስም ያወጣል፣ ከዚያ ወደ ብሔራዊ መዝሙር ይሄዳል። የምትፈጥሯት ሀገር ደሴት ከሆነች ችግር የለውም። የባሕር በር የሌላት ሪፐብሊክ ግን፣ ያውም ብዙ ሰው አብሮ በሚጽፍበት የጋራ ዓለም ውስጥ፣ በአንድ ጥያቄ ነው የምትጀመረው፦ ዕቃዋ በማን በኩል ነው የሚወጣው?

ይህን ጥያቄ የምወደው መልሱን ብቻዬን ልሰጥ ስለማልችል ነው። ወደቡ ያለው ጎረቤት ጋ ነው። ጎረቤቱን ደግሞ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ሀገሬ ገና ሳትወለድ ከሰው ጋር መነጋገር አለብኝ። የጋራ ዓለም ጣዕሙም እዚህ ላይ ነው።

የእኔዋ ዶብራቪያ ትባላለች። አራት ጎረቤቶች፣ ሌድና የሚባል አንድ ትልቅ ወንዝ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣ አንድ የባቡር መስመር አላት። ከእሷም ከእውነተኞቹም ሀገሮች ምሳሌ እየመዘዝኩ እቀጥላለሁ።

በቅድሚያ እውነተኞቹን እወቁ። ዛሬ ስላቮች (እንደ ሩሲያኛ፣ ቼክኛና ሰርቢያኛ ያሉ ተዛማጅ ቋንቋዎች የሚናገሩ የአውሮፓ ሕዝቦች) የሚበዙባቸውና ባሕር የማይነካቸው ሀገሮች አምስት ናቸው፦ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ስሎቫኪያ፣ ቤላሩስ፣ ሰርቢያና ሰሜን መቄዶንያ። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ልዩነታቸው ይገርማል። የቤላሩስ ከፍተኛው ቦታ 345 ሜትር ነው። የተቀረው ሜዳ፣ ደንና ረግረግ ነው። የስሎቫኪያ ከፍተኛው ተራራ ደግሞ 2,655 ሜትር ይደርሳል። ሰርቢያ እስከ 2006 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሞንቴኔግሮ ጋር አንድ ሀገር ስለነበረች ባሕር ነበራት። ሞንቴኔግሮ ስትለያት ባሕሩም አብሮ ሄደ። አንድ ትውልድ ሙሉ "ድሮ ባሕር ነበረን" እያለ የሚኖርባት ሀገርና ጭራሽ ባሕር የማታውቅ ሀገር አንድ ዓይነት ሰው አያፈሩም። የእናንተዋ የትኛዋ እንደሆነች ገና ከጅምሩ ወስኑ።

"ስላቭ" ሲባል በረዶ፣ ቮድካና ግራጫ ፎቅ ብቻ የሚታየው ጸሐፊ ብዙ ነው። ይህን ተዉት። ሰርቢያ በዓለም ገበያ ስሟ ከሚነሳባቸው ነገሮች አንዱ ራዝቤሪ የሚባለው ፍሬ ነው። የቼክ ደቡብ ሞራቪያ የወይን ሀገር ነው። ዶብራቪያም በረዷማ አይደለችም። ኮረብታዋ ፍራፍሬ ነው፣ በጋዋ ይሞቃል፣ የምትሸጠውም የቀዘቀዘ ራዝቤሪና የተሰነጠቀ እንጨት ነው። ራዝቤሪውን የመረጥኩት ቶሎ ስለሚበላሽ ነው። ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ያላት ሀገር ድንበር ላይ ትዕግሥት የላትም።

ስፋቷን አታጋንኑ። ስሎቫኪያ 49,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሆን 5.4 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አላት። ሰሜን መቄዶንያ ከ26,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ትንሽ ታንሳለች፣ ሕዝቧም ከ2 ሚሊዮን በታች ነው። በእነዚህ ሁለት መሀል ብትሆኑ የሚያስቸግራችሁ የለም።

ካርታውን ስትስሉ ከውሃ ጀምሩ። ባሕር የሌላት ሀገር ወንዝ ሁሉ ወደ ሰው ሀገር ነው የሚፈሰው። የቼክን ተመልከቱ፦ ኤልብ ወደ ሰሜን ባሕር፣ ኦደር ወደ ባልቲክ፣ ሞራቫ በዳኑብ በኩል ወደ ጥቁር ባሕር። የራሷ ባሕር የሌላት ሀገር ውሃዋ ሦስት ባሕር ይገባል። ወንዞች ወደ ታች ሲሄዱ ይገናኛሉ እንጂ አይከፈሉም፤ ይህን የሚስት ካርታ ብዙ አያለሁ። ዋና ከተማችሁን ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ላይ አስቀምጧት፤ ቤልግሬድ ሳቫ ከዳኑብ የሚገናኝበት ላይ እንዳለችው። ከዚያ ወንዙን ተከትላችሁ ውረዱ። ድንበሩን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ስትደርሱ፣ በሩን አገኛችሁት።

አሁን በሩ ላይ እንቆይ፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ነው።

በር ብዙ ዓይነት ነው። አንደኛው የሰው ወደብ ውስጥ የሚከራዩት ጥግ ነው። የ1919ኙ የቬርሳይ ውል ለቼኮዝሎቫኪያ (ቼክና ስሎቫኪያ አንድ ሀገር ሳሉ) በጀርመን ሀምቡርግ ወደብ ውስጥ ቦታ የመከራየት መብት ሰጣት። ኪራዩ በ1929 ጀመረ፣ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፣ የሚያልቀው በ2028 ነው። ኪራዩ የፈረመችውን ሀገር ዕድሜ በልጦ ለቼክ ሪፐብሊክ ተላለፈ። እንዲህ ያለ ውል ለጸሐፊ ሲሳይ ነው፤ የሚያልቅበት ቀን አለው፣ ቀኑ ሲቃረብ ሁለት ጸሐፊዎች ቁጭ ብለው መደራደር አለባቸው።

ሁለተኛው ወንዙ ራሱ ነው። በ1948 የቤልግሬድ ስምምነት ዳኑብ ላይ መርከቦች በነፃነት እንዲመላለሱ ተወሰነ። ሰርቢያ ዛሬም በዳኑብ ላይ የወንዝ ጦር ጀልባዎች አሏት። ቼኮዝሎቫኪያ ደግሞ በ1959 የተቋቋመ የውቅያኖስ መርከብ ድርጅት ነበራት። ባሕር የሌላት ሀገር መርከበኛ ሊኖራት ይችላል ማለት ነው። የዶብራቪያ መርከበኞች ከተራራ መንደር ወጥተው በሰው ወደብ የሚያረጁ ናቸው። ስለ እነሱ መጻፍ አይሰለቸኝም።

ሦስተኛው ሐዲድ ነው። ቤላሩስና ፖላንድ ሐዲዳቸው አንድ አይደለም፤ የቤላሩስ ስፋት 1,520 ሚሊ ሜትር፣ የፖላንድ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። በቤላሩስ የድንበር ከተማ በብሬስት የተሳፋሪ ፉርጎ በግዙፍ ክሪክ ተነስቶ፣ ሰዉ ውስጥ እንዳለ፣ ከሥሩ እግሩ ይቀየር ነበር። 85 ሚሊ ሜትር ምን ያህል ታሪክ እንደሚያስጽፍ አስቡት። የሻይ ሻጩ፣ የምንዛሬ ደላላው፣ ክሪኩን የሚያንቀሳቅሰው የሌሊት ፈረቃ፣ ሁሉም እንጀራቸው ያ ልዩነት ነበር።

በር ይዘጋልም። በ1906 ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ድንበሯን ለሰርቢያ አሳማና ሥጋ ዘጋች። ታሪክ "የአሳማው ጦርነት" ይለዋል፣ የጉምሩክ ጦርነት ነው። ሰርቢያ ንግዷ አብዛኛው በዚያች ጎረቤት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ግን አልተንበረከከችም። ሥጋውን አዘጋጅታ ሌላ ገዢ ፈለገች፣ ያኔ በኦቶማን ሥር በነበረችው በተሰሎንቄ ወደብ በኩልም ላከች። በቅርብም በየካቲት 2022 ሊቱዌኒያ የቤላሩስን ፖታሽ (የማዳበሪያ ማዕድን) በክላይፔዳ ወደብ ማሳለፍ አቆመች። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት ባሕር ለሌላቸው ሀገሮች የመተላለፍ መብት ይሰጣል፤ ዝርዝሩ ግን ከምታሳልፈው ሀገር ጋር በስምምነት ይወሰናል ይላል። መብት አለ፣ ቁልፉ ግን ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሥራችሁ ይህ ነው፦ ወደብ ላለው ጎረቤት ጸሐፊ አንድ ገጽ ጻፉለት። የትኛውን ወደብ ትጠቀማላችሁ፣ በምን ታጓጉዛላችሁ፣ ክፍያው በማን ገንዘብ ነው፣ በሩን ሊዘጋ የሚችለው ምን ሲሆን ነው። በእሱ ሀገር ላይ አንድም ነገር አትወስኑ። "ጎረቤታችን ጨቋኝ ናት" ብላችሁ ብትጽፉ የሰው ሀገር ጻፋችሁ። "የእኛ ጋዜጦች ጎረቤታችንን ጨቋኝ ይሏታል" ካላችሁ ግን የራሳችሁን ነው የጻፋችሁት። ይህን አንድ ልዩነት የያዘ ሰው ከማንም ጋር አይጣላም።

በዶብራቪያ በሩ ኖቪ ሞስት የሚባል የድንበር ጣቢያ ነው። ድልድዩ በእኛ በኩል ብረት ነው፣ ከመሀል ወዲያ ኮንክሪት ነው፤ ሁለቱ ሀገሮች እያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሹን ሠሩት። የራዝቤሪ ጊዜ ሲደርስ የማቀዝቀዣ መኪኖች እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ይሰለፋሉ፣ ሞተራቸው አይጠፋም። ትራንዚተሮቹ ዲክላራሲዮኑን በላስቲክ ከረጢት ይዘው ከመስኮት መስኮት ይሮጣሉ። ከማዶ ያለው የተባይ ተቆጣጣሪ አንድ ካርቶን ከፍቶ ሲያይ መቶ ሾፌር ትንፋሹን ይይዛል። የሀገሬን ፖለቲካ በሙሉ ያወጣሁት ከዚህ ሰልፍ ነው። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ከመከላከያ ሚኒስትሩ በላይ የሚፈራው፣ ምርጫ በራዝቤሪ ወቅት የማይደረገው ለዚህ ነው።

ወደ ስም እንምጣ። የስላቭ ቋንቋዎች ምዕራብ፣ ምሥራቅና ደቡብ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። አንዱን መርጣችሁ ጽኑ። "ከተማ" ወይም "ምሽግ" የሚለው ሥር በደቡብ "ግራድ"፣ በሩሲያ "ጎሮድ"፣ በቼክ "ህራድ" ሆኖ ይወጣል፤ ቤዮግራድ (ቤልግሬድ)፣ ኖቭጎሮድ፣ ቪሼህራድ። ሦስቱም አንዲት ትንሽ ሀገር ውስጥ ከተገኙ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይነቃል። በምሥራቅ ከሆናችሁ የአባት ስም ከራስ ስም ቀጥሎ ይመጣል፣ ሰውን በአክብሮት ስትጠሩት ሁለቱን አያይዛችሁ ነው። በቼክና በስሎቫክ ሴቷ ብዙውን ጊዜ የቤተሰብ ስሟ መጨረሻ ላይ "ኦቫ" ትጨምራለች። በሰርቢያ "ኢች" ለወንድም ለሴትም ያው ነው። ዶብራቪያ ደቡቡን ስለመረጠች ከተማዎቿ ግራድ ናቸው፣ ሴቶቿም "ኢች"ን እንዳለ ይይዛሉ። ደግሞ ስሙን በፊደላችን ጽፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አራት ሳድስ ተደርድሮ ምላስ የሚያስር ከሆነ ለአንባቢ አዝናችሁ ቀይሩት።

ቅርንጫፉን ስትመርጡ ሃይማኖትና ፊደልም ይከተላሉ፣ ግን በግዴታ አይደለም። ስላቮች ካቶሊክም፣ ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ሙስሊምም ናቸው። ሰርቢያ ውስጥ ሲሪሊክና ላቲን ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ዶብራቪያ ውስጥ የመንግሥት ደብዳቤ በሲሪሊክ ነው፣ የሱቅ ማስታወቂያ በላቲን ነው፣ ኖቪ ሞስት ላይ ያለው ሰሌዳ ግን በሦስት ፊደል።

ሪፐብሊክ ካላችሁ መቼ እንደሆነች ተናገሩ። ከግዛተ መንግሥት ፍርስራሽ የወጣች እንደ ቼኮዝሎቫኪያ በ1918 ናት? ወይስ ትልቅ ፌዴሬሽን ሲፈርስ የተገኘች እንደ መቄዶንያ በ1991? ፕሬዚዳንቱን ማን ይመርጠዋል? ቼኮች ፕሬዚዳንታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ የመረጡት በ2013 ነው፣ ከዚያ በፊት የሚመርጠው ፓርላማው ነበር። እንዲህ ያለ ለውጥ አንድ ሕገ መንግሥታዊ ክርክር በነፃ ይሰጣችኋል። እኔ ደካማ ፕሬዚዳንትና ሁሌ የሚንገዳገድ ጥምር መንግሥት እመርጣለሁ፤ ጎረቤት ጸሐፊዎች የሚደራደሩት ሰው በየጊዜው ስለሚለዋወጥላቸው ይወዱታል።

ድንበር ከሕዝብ ጋር አይገጥምም። በደቡብ ስሎቫኪያ ሀንጋሪዎች አሉ፣ በሰሜን መቄዶንያ አልባኒያውያን አሉ። የስም ጠብም አለ፦ መቄዶንያ በ1993 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ የገባችው በጊዜያዊ መጠሪያ ነው፣ ከግሪክ ጋር በ2018 ተስማምታ በ2019 "ሰሜን" የሚለውን ጨመረች። ከእነዚህ አንዱን ለሀገራችሁ ስጡ፣ ሁሉንም ግን አትደርድሩ። አንድ ነገር አደራ፦ በ1990ዎቹ በባልካን የተፈጸመውን እልቂት ስም ቀይራችሁ ማጣፈጫ አታድርጉት። የሞቱት ሰዎች ቤተሰብ ዛሬም አለ። ጦርነት ካስፈለጋችሁ የራሳችሁን መነሻ፣ የራሳችሁን ስህተት፣ የራሳችሁን እርቅ ጻፉለት።

ባንዲራው አሁን ይምጣ። ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ የብዙ ስላቮች ቀለም ነው፤ ግን ቤላሩስ ቀይና አረንጓዴ፣ ሰሜን መቄዶንያ በቀይ ላይ ቢጫ ፀሐይ ነው ያላቸው። ቼኮችና ስሎቫኮች በጥር 1993 ሲለያዩ የጋራ ምልክቶችን ማንም እንዳይወስድ ተባብለው ነበር፣ ቼኮች ግን ባንዲራውን ይዘውት ቀሩ። የዶብራቪያ አረንጓዴ፣ ነጭና አረንጓዴ ነው።

ከዚህ በኋላ ረጅም ታሪክ አትጻፉ። የመጀመሪያ ጽሑፋችሁ የአንድ ቀን የአንድ ኬላ ውሎ ይሁን፤ ማን አለፈ፣ ምን ተያዘ፣ ማን ፈረመ። እሱን ከአንድ ገጹ ስምምነት ጋር አድርጋችሁ ወደብ ላለው ጸሐፊ ላኩለት፣ የማዶውን ግማሽ እሱ ይጻፈው። ካርታው ላይ ቀለም የሚቀባው የእሱ መልስ ሲመጣ ነው።