ከጅማ ለሄዳችሁ፦ ስለ መጀመሪያዋ የሥራ መኪናችሁ

ይህን የምጽፈው ጅማ፣ አጂፕ አጠገብ ካለው የእናቴ ቤት ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ 14 ዓመት ኖሬ፣ አብዛኛውንም በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሠርቼ፣ እናቴን ላስታምም ተመልሻለሁ። ከሰፈራችን በዲቪም በጋብቻም የሚሄዱ ልጆች ሊሰናበቱኝ ሲመጡ ቡና አፍልቼ እናወራለን። ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ብርዱ ይጠይቁኛል፤ ስለ መኪና ያኔ አይጠይቁም። ስልኩ የሚደወለው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ነው። «እትዬ፣ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ግን በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። መኪና ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» አንዳንዶቹ ሲደውሉ ፈርመው ጨርሰዋል። እነሱን እያሰብኩ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት።

መልሴ ለሁሉም አንድ ነው፦ ትንሽ ሴዳን ግዙ፤ አሮጌ ግን ጤነኛ ይሁን፤ ከቻላችሁ ያለ ብድር። ኮሮላ፣ ሲቪክ፣ ኤላንትራ፣ ማዝዳ 3፣ በዚህ ልክ ያሉትን ማለቴ ነው።

ከጅማ የሄደ ሰው ይህን ለመቀበል የሚቸገርበት ምክንያት አለ፤ እኔም ተቸግሬ ነበር። እኛ ዘንድ መኪና ሀብት ነው። አባቴ ዲኤክስ ኮሮላውን ለዓመታት ከጅማ አጋሮ ሲመላለስበት ኖሮ፣ ሲሸጠው ከገዛበት በላይ ነው ያወጣለት። ታክሱና የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ተደማምረው የአሮጌ መኪናን ዋጋ ከፍ አድርገው ይዘውታል፤ ስለዚህ እዚህ ያለውን ጥሪት ሁሉ አሟጦ ትልቁን የሚገዛ ሰው አይሞኝም። እዚያ ግን መኪናው ከሻጩ ግቢ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል፤ ስትነዱትም ስታቆሙትም ይወርዳል። የሥራ ጫማ ነው፤ እያገለገለ ያልቃል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከቤታችሁ እስከ ሥራችሁ 25 ማይል ይሁን። ደርሶ መልስ 50 ማይል ነው፤ በዓመት 250 ቀን ብትሠሩ 12,500 ማይል፣ ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ በየዓመቱ 28 ጊዜ ሄዶ እንደ መመለስ ነው። በጋሎን 30 ማይል የሚሄድ ሴዳን ለዚህ 417 ጋሎን ያህል ቤንዚን ይበቃዋል። በጋሎን 20 ማይል የሚሄደው ትልቅ መኪና 625 ጋሎን ይፈልጋል። ልዩነቱ 208 ጋሎን፣ ወደ 790 ሊትር ነው፤ በየዓመቱ። በዚያ ላይ የትልቁ መኪና ጎማውም ፍሬን ሸራውም ይወደዳል። ትንሿ ሴዳን ደግሞ የሚበቃት ርካሹ 87 ኦክቴን ቤንዚን ነው፤ ውዱን መሙላት አይጠበቅባችሁም።

ኮሮላ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ሲመረት የኖረና በ2021 የተሸጠው ብዛት 50 ሚሊዮን የደረሰ መኪና ስለሆነ፣ መለዋወጫውን የትም ታገኛላችሁ፤ የማይሠራው መካኒክም የለም። ሲቪክም ጥሩ ነው፤ ዓመቱን ግን ለዩ። ከ2001 እስከ 2005 ያሉት በጊዜው መቀየር ያለበት የሞተር ቺንጊያ አላቸው፤ ሻጩ የተቀየረበትን ደረሰኝ ካላሳያችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ከ2006 ወዲህ ያሉት በሰንሰለት ይሠራሉ፤ ሆኖም ከ2006 እስከ 2008 ከተሠሩት አንዳንዶቹ የሞተር ብሎካቸው እየተሰነጠቀ ፋብሪካው ዋስትናውን እስከማራዘም ደርሷል። ኤላንትራና የኪያ ትንንሾቹ ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን ከ2011 እስከ 2021 የወጡት፣ በቁልፍ የሚነሡት ብዙዎቹ፣ ሌባ እንዳያስነሣቸው የሚከለክለው መሣሪያ ስለሌላቸው በብዛት ይሰረቁ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ፋብሪካዎቹ ሶፍትዌሩን በነፃ ያሻሽላሉ፤ መደረጉን አረጋግጡ።

ከሾፌሩ ፊት ለፊት፣ መስታወቱ ሥር፣ 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር አለ። ያንን ቀድታችሁ የአሜሪካ መንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። መኪናው በፋብሪካ ጉድለት ተጠርቶ ያልተጠገነ ነገር ካለው ያሳያችኋል፤ ጥገናውም በነፃ ነው። ይህን ቸል አትበሉ። ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ሲፈነዳ የብረት ስባሪ እየረጨ ሰው ገድሏል፤ በሚሊዮን ከሚቆጠሩት ከተጠሩት መኪናዎች ውስጥ የ2000ዎቹ ኮሮላና ሲቪክ ይገኙበታል። እኛ የምንገዛው ደግሞ በትክክል የእነዚያን ዓመታት መኪና ነው።

ታይትል የሚባለው ወረቀት እዚህ ሊብሬ የምንለው ነው። «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት» የሚል ካለበት መኪናው በግጭት ወይም በጎርፍ ከጥቅም ውጭ ተብሎ ነበር ማለት ነው፤ ዋጋው የረከሰው ለዚያ ነው። ሌላው የኛ ልማድ በውክልና መሸጥ ነው። ጅማ ላይ አንድ መኪና በውክልና ሦስት ሰው እጅ ሊገባ ይችላል፣ ሊብሬው ግን ያው የመጀመሪያው ሰውዬ ስም ላይ ነው። እዚያ ይህ አይሠራም፤ ሕገ ወጥ ነው። ታይትሉ ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ ካልሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። መኪናውን በአጎታችሁ ስም አስመዝግባችሁ ራሳችሁ መንዳትም እንዲሁ ያስቸግራል፦ አደጋ ቢደርስ ክሱ እሱንም ሊነካው ይችላል፤ ዋናው ነጂ እናንተ መሆናችሁን ያልተነገረው መድን ድርጅትም አልከፍልም ሊል ይችላል።

ስለ ብድር። በሦስተኛው ወራችሁ የብድር ታሪክ የላችሁም፤ ስለዚህ የሚያበድራችሁ ሰው በከባድ ወለድ ነው የሚያበድራችሁ። ሻጩ ዋጋ አይነግራችሁም፤ «በወር ስንት መክፈል ትችላላችሁ?» ነው የሚለው። የአክስቴን ልጅ እንዲህ ብለው ነው ባለ ሰባት መቀመጫ ያስያዙት፤ በ72 ወር የሚከፈል። ብቻውን ነበር የሚኖረው። በሁለተኛው ዓመት ካምቢዮው ሲበላሽ የቀረበት ዕዳ መኪናው ከሚያወጣው ይበልጥ ነበር፤ ሊሸጠውም ሊያሠራውም አልቻለም። ስለዚህ ወርሃዊውን ተዉና ወለዱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ወር እንደሆነ፣ ሲያልቅ ድምሩ ስንት እንደሚሆን ጠይቁ። ከዚህ ሁሉ የተሻለ መንገድ ደግሞ አለን፦ እቁብ። በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያም በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ሐበሻ ባለበት ሁሉ እቁብ አለ። ችግራችሁን ለዳኛው ብትነግሩት ዕጣውን የሚለቅላችሁ አይጠፋም። እኔ የመጀመሪያዬን የ2003 ኮሮላ የገዛሁት አንዲት የጎንደር ልጅ በለቀቀችልኝ ዕጣ ነው።

ያለ ብድር የገዛ ሰው በመድንም ይቀልለታል። አበዳሪ ካለ ሙሉውን መድን ግዴታ ያደርግባችኋል፤ ዕዳ የሌለባት አሮጌ ሴዳን ግን እኛ ሦስተኛ ወገን የምንለው ሊበቃት ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ «500 ዶላር ከፍለህ ያለ መድን መንዳት ትችላለህ» የሚላችሁ የቆየ ሰው ይኖራል፤ ያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ምግብ ለማድረስ ወይም ተሳፋሪ ለመጫን ካሰባችሁ ለመድን ድርጅቱ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ተራው መድን ብዙውን ጊዜ ያንን ሥራ አይሸፍንም።

አሁን ስለ ብርዱ፤ ብዙ ልል የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። አባቴ የዲኤክሱ ራዲያተር ሲጎድል በጀሪካን ውሃ ይሞላው ነበር። ጅማ ላይ ይህ ምንም አያመጣም። እኔም ኮሮላዬ ውሃ ትንሽ ትንሽ ታጎድል ስለነበር በመጸው ወራት ሁሉ ከቧንቧ እየቀዳሁ ሞላሁላት። ጥር ላይ አንድ ሌሊት ብርዱ በረታ። ጠዋት ከተረኝነት ስወጣ መኪናዬ ሥር የቀዘቀዘ ኩሬ ነበር። ውሃ ሲረጋ ይሰፋልና የሞተሩን ብሎክ ሰንጥቆታል፤ ማሠሪያው ከመኪናው ዋጋ በለጠ። የዓመት እቁቤ በአንድ ሌሊት ሄደ፤ አውቶቡስ ስጠብቅ እጆቼ ከብርዱ ይልቅ ከንዴት ይንቀጠቀጡ ነበር።

ስለዚህ ራዲያተር ውስጥ ውሃ ብቻ አይገባም። አንቲፍሪዝና ውሃ እኩል በእኩል ሲቀላቀሉ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጉም። ተቀላቅሎ የሚሸጠውን ግዙ። ከጎደለ ደግሞ የሚያፈስበት ቦታ አለና እስኪገኝ ፈልጉት፤ የኔው የውሃ ፖምፓው ነበር። ፈሳሹ ጣፋጭና መርዝ ስለሆነ ከልጆች አርቁት። የመስታወት ማጠቢያውንም ለብርድ በተሠራው ቀይሩት። ባትሪም በብርድ ይደክማል፤ ጠዋት እያቃሰተ የሚነሣ ከሆነ ከታኅሣሥ በፊት አስመርምሩት።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ በመጨረሻ የተጻፉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የአየሩ ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ ተጽፏል፤ ብርድ ሲገባ አየሩ ይቀንሳልና በየወሩ ለኩ። በረዶ ላይ ስለ መንዳት የማውቀውን ከኛ መንገድ ልንገራችሁ። ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርዱ ደህና ሾፌሮች ፍሬን ላይ አይንጠለጠሉም፤ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት። በረዶም እንዲሁ ነው፦ አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ ቀድማችሁ ቀንሱ፣ መሪ በድንገት አትምቱ።

ሁለት ሥራ የምትሠሩ ልጆች በሁለቱ ፈረቃ መካከል መኪና ውስጥ እንደምትተኙ አውቃለሁ፤ እኔም ተኝቻለሁ። ሞተር አስነሥታችሁ ለሙቀት ስትተኙ ማርሚታው በበረዶ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም መኪና አታሙቁ። እባካችሁ፣ ብርድ ልብስ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይሆን ወንበር ላይ ይኑራችሁ፣ ሞተሩን አጥፉ።

ፖሊስ ሲያስቆማችሁ አትውረዱ። እዚህ ትራፊክ ሲያስቆመን ወርደን፣ ሰላም ብለን፣ መንጃ ፈቃድ ይዘን እንሄዳለን፤ አክብሮት ነው። እዚያ ግን ከመኪና መውረድ እንደ ማስፈራራት ይታያል። ከመንገዱ ቀኝ ቁሙ፣ መስታወቱን አውርዱ፣ ሁለቱንም እጅ መሪው ላይ አድርጉ፣ ወረቀት እስኪጠይቃችሁ ኪሳችሁንም ኮመዲኖውንም አትንኩ። ቢጫው የተማሪ አውቶቡስ ቀይ መብራቱን ሲያበራ ደግሞ ከኋላው ያላችሁትም ከፊት የምትመጡትም ትቆማላችሁ፤ መንገዱ በመካከለኛ አጥር ወይም ደሴት ከተከፈለ ግን የማትቆሙት ከፊት የምትመጡት ብቻ ናችሁ።

የቀረው አጭር ነው። ቨርጂኒያ ከገባችሁ በ60 ቀን ውስጥ የዚያን መንጃ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። እንደ ቦሎ በየዓመቱ ምርመራ አለ፤ ክፍያው 20 ዶላር ነው፣ የሚከብደው ጎድሎ የተገኘውን ማሠራቱ ነው። ከዚያ ሌላ የምትኖሩበት አውራጃ በመኪናው ዋጋ ልክ በየዓመቱ ግብር ይልካል፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው። እዚህም ትንሿ አሮጌ ሴዳን ትጠቅማለች፤ ዋጋዋ ዝቅ ስለሚል ግብሯም ዝቅ ይላል። ዘይት በመመሪያው መጽሐፍ ልክ ቀይሩ፣ በቀየራችሁ ቁጥር ማይሉን ጻፉ።

ሁሉም የሚጠይቁኝ የመጨረሻ ጥያቄ «ስመለስ ይዣት ልምጣ?» የሚለው ነው። አትችሉም። በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ እዚያው ሽጡ። ታይትሉን ፈርማችሁ ስታስረክቡ ሰሌዳውን ፍቱ፤ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ሰሌዳው የባለቤቱ እንጂ የመኪናው አይደለም። መሸጣችሁን አሳውቁ፤ መድኑን የምታቋርጡት ሰሌዳውን ከመለሳችሁ በኋላ ነው፤ ካስቀደማችሁት ቅጣት ይቆጥርባችኋል።

እኔ ስመለስ ሁለተኛዋን ኮሮላዬን ከሂርማታ ለመጣች ልጅ ሸጥኩላት፤ 181,000 ማይል ሄዳ ነበር። ዘይት የቀየርኩበትን ቀን ሁሉ የጻፍኩበትን ደብተርና ግማሽ የቀረውን የአንቲፍሪዝ ጋሎን አብሬ ሰጠኋት። ባለፈው ሳምንት ደውላ 204,000 ገባች አለችኝ።