ቨርቹዋል ማሽን ላይ የሚንቀራፈፍ ዳታቤዝ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ኮምቦልቻ ያለ የአንድ መጋዘን የዕቃ መዝገብ (ዳታቤዝ) በሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ሳለ ፈጣን ነበር እንበል። ወደ አዲሱ ሰርቨር፣ ወደ ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር ወደተፈጠረ ኮምፒውተር) ሲዛወር ግን ተንቀራፈፈ። ወዲያው የሚመጣው ትእዛዝ «ፕሮሰሰር ጨምሩለት» የሚል ነው። አትቸኩሉ።

ምልክት፦ ሪፖርት ቶሎ ይወጣል፤ ገቢ ዕቃ መመዝገብ ግን ይጓተታል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

መንስኤ፦ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ምዝገባ ሲያጸድቅ መረጃው ዲስክ ላይ በእርግጥ እስኪጻፍ ይጠብቃል። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ8.3 ሚሊሰከንድ ነው፤ ተራ በተራ የሚጸድቁ ምዝገባዎች በሰከንድ ከ120 ብዙም አይዘሉም። አሮጌው ኮምፒውተር ከዚህ የፈጠነው ስለዋሸ ሊሆን ይችላል፦ አንዳንድ ዲስክ ገና ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ ያለውን መረጃ «ጽፌዋለሁ» ይላል። መብራት የጠፋ ዕለት ይጋለጣል።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ለኩ። ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ከሆነ አብሮት የሚመጣውን የዲስክ ጽሕፈት ፍጥነት መለኪያ፣ ፒጂ ቴስት ኤፍሲንክን (pg_test_fsync)፣ በሁለቱም ማሽኖች ላይ አስኪዱና ውጤቱን አነጻጽሩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ዳታቤዙን መብራት ቢጠፋም ካሹን ወደሚያድን ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) አዛውሩት። ገንዘብ ከሌለ፣ አንድ በአንድ የሚጸድቁትን መስመሮች መቶ መቶውን በአንድ ትራንዛክሽን (አብሮ በሚጸድቅ ጥቅል) አጽድቁ፤ ለውጡ ወዲያው ይታያል። ኤፍሲንክን (ዲስክ ላይ እስኪጻፍ መጠበቁን) ዝጉት የሚል መካሪ አይጠፋም። በእኛ መብራት? አይሞከርም።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር፣ ሪፖርቱም ጭምር፣ በሥራ ሰዓት ይንገታገታል። ሊኑክስ ላይ የፕሮሰሰር አጠቃቀም የሚያሳየውን ቶፕን (top) ክፈቱ፤ «ኤስቲ» (st) የሚለው ቁጥር ከፍ ካለ ጎረቤት ቨርቹዋል ማሽኖች ፕሮሰሰሩን እየተሻሙ ነው። እዚህ ላይ ኮር (የፕሮሰሰር ክፍል) መጨመር ሽሚያውን ሊያባብሰው ይችላል። ከሌሎቹ ማሽኖች ኮር ቀንሱ፤ ለዳታቤዙም ሜሞሪ በስሙ አስይዙለት።

ከማሻሻያ በፊት ተወስዶ የተረሳ ስናፕሾት (የማሽኑን የዚያን ጊዜ ሁኔታ የሚያስቀምጥ ቅጂ) ካለም እሱም ያንቀራፍፋልና አጥፉት። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር አምራቹ ቪኤምዌር ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል።

ምልክት፦ ኮምቦልቻ ደህና ነው፤ ደሴ ያለው ቅርንጫፍ ብቻ ያማርራል። ፕሮግራሙ አንድ ገጽ ለመሙላት 500 ጥያቄ አንድ በአንድ የሚልክ ከሆነና የአንዱ ጥያቄ ደርሶ መልስ በኔትወርኩ 20 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ ገጹ 10 ሰከንድ ያስጠብቃል። ሰርቨር ብትቀይሩ ፋይዳ የለውም። ጥያቄዎቹን ጠቅልሉ፤ የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ በእጃችሁ ከሌለ ደግሞ የደሴ ሠራተኞች በሪሞት ዴስክቶፕ (የሩቅ ኮምፒውተርን ስክሪን ከፍቶ መሥሪያ) ገብተው እዚያው ሰርቨሩ አጠገብ ባለ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠሩ አድርጉ።