በጅማ ሜዳዎች የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋችን የነገ አቅም እንዴት እንመዝን?

ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ሲያነሣ ሰባትና ስምንት ዓመት የነበራቸው ሕፃናት ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ሜዳ የሚሮጡ ታዳጊዎች ሆነዋል። ከእነዚህ መካከል ማን ወደፊት በክለብ ደረጃ ሊጫወት እንደሚችል የሚገምተው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ዳር የቆመ አንድ አሰልጣኝ፣ የስፖርት መምህር ወይም ወላጅ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለእነዚህ ሰዎች ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲይዙልኝ የምፈልገው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ ልጅ ዛሬ የሚበልጠው በምን ምክንያት ነው? እኩዮቹ በቁመትና በጉልበት ሲደርሱበትስ ምን ይቀርለታል?

ምዘናው የሚጀምረው ከኳሱ ሳይሆን ከልደት ቀኑ ነው። ዓለም አቀፍ የዕድሜ ውድድሮች ምድብ የሚለዩት በአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ሲሆን፣ ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ይውላል። በዚህ ስሌት ጥር 2003 የተወለደ ልጅና ኅዳር 2004 የተወለደ ልጅ እኩያ ሆነው ይሰለፋሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አሥር ወር ያህል ነው፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ዕድሜ ደግሞ አሥር ወር በጉልበትም በፍጥነትም ብዙ ነው። ይህ አድልዎ በጥናት ቀድሞ ጎልቶ የታየው በካናዳ የበረዶ ሆኪ ነበር። በአውሮፓውያን 1980ዎቹ አጋማሽ የታተሙ ጥናቶች በከፍተኛ ደረጃ ከሚጫወቱት መካከል በዓመቱ የመጀመሪያ ሦስት ወራት የተወለዱት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከተወለዱት በእጅጉ እንደሚበዙ አሳይተዋል። ቀድሞ የተወለደው ቀድሞ ይመረጣል፣ የተመረጠው የተሻለ ሥልጠናና ብዙ ጨዋታ ያገኛል፣ በዚህም ምክንያት በእርግጥ የተሻለ ሆኖ ይወጣል። መራጩም ዓይኑ እንዳልሳተው ያምናል፤ ስሕተቱ ራሱን የሚደብቀው በዚህ መንገድ ነው።

በእኛ ዘንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ የብዙ ልጆች ትክክለኛ የልደት ቀን በወረቀት ላይ የለም፣ ያለውም ሁልጊዜ አይታመንም። ፊፋ እንኳ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው በአውሮፓውያን 2009 ነው። እኛ ይህ መሣሪያ ባይኖረንም እናትን በአክብሮት መጠየቅ እንችላለን። ልጁ የተወለደው በቡና ለቀማ ወቅት ነው ወይስ ክረምቱ ሳይወጣ? በረመዳን ከተባሉ ዓመቱንም አብረው ይጠይቁ፤ ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚቀድም ብቻውን ወሩን አይነግርዎትም። ጥያቄው ልጁን ለመክሰስ ሳይሆን በትክክለኛው ሚዛን ለማየት እንደሆነ አስቀድመው ያስረዱ።

ከልደት ቀን ቀጥሎ የሚታየው እድገት ነው። ወንዶች በፍጥነት የሚያድጉበት ዓመት በአማካይ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆን ሴቶች ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ይሁን እንጂ ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ ሁለት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች በአካል ብስለት የሦስት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ቁመትን በየሦስት ወሩ፣ ጫማ አስወልቀው፣ በአንድ ግድግዳ ላይና በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ። መጨረሻ ላይ የሚደርስበትን ቁመት በግምት ለማወቅ የአባትና የእናትን ቁመት በሴንቲ ሜትር ደምረው፣ ለወንድ ልጅ 13 ጨምረው፣ ለሴት ልጅ 13 ቀንሰው ለሁለት ያካፍሉ። አባቱ 172፣ እናቱ 160 የሆኑ ወንድ ልጅ 172 ተኩል ገደማ ይደርሳል ማለት ነው፤ ግምቱ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊስት ይችላል። ይህ ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ 168 ከሆነ ጉልበቱን አስቀድሞ የተቀበለ ነው፤ 148 ሆኖ ከትልልቆቹ ጋር ኳስ የማይነጠቅ ከሆነ ግን ደብተርዎ ላይ ስሙን አስምረውበት ይጻፉ።

በዚህ ነገር የሠራሁትን ስሕተት ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከሄርማታ በኩል ይመጣ የነበረ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። እግሮቹ እርስ በርስ የሚጠላለፉ፣ ዞሮ ለመሮጥ የሚዘገይ ሆኖ ስላገኘሁት «ፍጥነት የለውም» ብዬ ጻፍኩና ለሁለተኛው ምልመላ አልጠራሁትም። በዚያ ዓመት አጥንቱ ከጡንቻው ቀድሞ እየረዘመ እንደነበር የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በእድገት ግፊት ላይ ያለ ልጅ ለተወሰኑ ወራት ቅልጥፍናውን ሊያጣ፣ ከጉልበቱ ሎሚ በታችም ሕመም ሊሰማው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቅልጥፍናው ይመለሳል። እሱ ግን በእኔ ፍርድ ምክንያት ኳሱን ተወ። በዚህ ወቅት ያለን ልጅ ሥልጠናውን አቅልሎ ማቆየት እንጂ መፈረጅ ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ። ተመልካች ሁሉ የሚያጨበጭበው ለአብዶ ነው፤ አብዶም ዋጋ አለው፣ ነገር ግን በታዳጊነት ሦስት ሰው ያለፈ ልጅ ያለፈው በብልሃት ይሁን በሩጫ ብቻ መለየት ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ የሚበጀው ዘዴ ኳሱን ትቶ አንድን ልጅ ብቻ ለአሥር ደቂቃ መከተል ነው። ኳሱ ወደ እሱ ከመምጣቱ በፊት ስንት ጊዜ በትከሻው ላይ ዞሮ እንደተመለከተ በደብተር ላይ በጭረት ይቁጠሩ። የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አማካዮች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ዙሪያቸውን ደጋግመው የሚቃኙት ወደፊት የሚያቀብሉት ኳስ የበለጠ እንደሚሳካ አሳይቷል። ዞሮ ያየ ልጅ የመጀመሪያ ንክኪው ወደ ባዶው ቦታ ይሄዳል፤ ያላየ ልጅ ኳሱን ከእግሩ ሥር ካቆመ በኋላ ነው ማሰብ የሚጀምረው። ኳስ ሲነጠቅስ ምን ያደርጋል? እጁን ወደ ሰማይ ያነሣል ወይስ በሁለት እርምጃ ውስጥ ይመለሳል? እኔ ከግብ ብዛት ይልቅ ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ትልቅ ክብደት እሰጣለሁ።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ በመሆኗ ሜዳው ራሱ ምስክርነቱን ያዛባል። በሐምሌ ጭቃ ላይ ኳስ ስለማይንከባለል ጠንካራው ያሸንፋል፤ ቀጭኑና ብልሁ ጠፍቶ ይውላል። በጥር ደረቅ ሜዳ ላይ ደግሞ ኳሱ እየነጠረ የሚያስቸግረው ማንን እንደሆነ ይታያል። ስለዚህ አንድን ልጅ በሁለቱም ወቅቶች ሳያዩ አይወስኑ። በተጨማሪም አንድ ቀን ከሚበልጡት ጋር፣ ሌላ ቀን በቁመትና በክብደት ከሚመጥኑት ጋር፣ በጠባብ ሜዳ አራት ለአራት፣ በሁለት ንክኪ ብቻ ያጫውቱት። በሩጫው ብቻ ይበልጥ የነበረው እዚህ ይጋለጣል፤ ትንሹ ግን ያለውን ያሳያል።

የመማር ፍጥነትን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ የማያውቀውን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ በደካማ እግሩ ተቀብሎ በአንድ እንቅስቃሴ መዞርን፣ ያሳዩትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳያስጠነቅቁ ይመልከቱት። ብቻውን እንደተለማመደው የሚታወቀው በጨዋታ መካከል ለመሞከር ሲደፍር ነው፤ ሞክሮ ቢሳሳትም ይቆጠርለት።

ስለ በረኞች ብዙ አልልም፤ ከሌሎቹ ዘግይተው ስለሚበስሉ በአሥራ አምስት ዓመት ላይ በቁመት ብቻ መጣል ትክክል አይደለም። ሴት ታዳጊዎችን በተመለከተ ግን ከወንዶች ቀድመው ስለሚያድጉ የወንዶቹን የዕድሜ ሠንጠረዥ መጠቀም አይገባም፤ ብዙዎቹም ኳስ የሚጀምሩት ዘግይተው ስለሆነ ዛሬ ባላቸው ችሎታ ላይ የተጫወቱባቸውን ዓመታት ብዛት አብረው ይመዝኑ።

በአንድ ቀን ሙከራ የተሰጠ ፍርድ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ለሚጠራጠር ሰው፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ መልማይ ያለውን የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ልጥቀስ። ክለቦች ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት በአውሮፓውያን 1999 አንደኛ የተመረጠው ፓትሪክ ስቴፋን ነበር፤ ሄንሪክ ዜተርበርግ የተጠራው 210ኛ ሆኖ ነው። በአውሮፓውያን 2008 የዜተርበርግ ክለብ ዲትሮይት የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ሲወስድ የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተብሎ የተሸለመው ግን ዜተርበርግ ነው። እነሱ ዓመቱን ሙሉ ተከታትለው ይህን ያህል ከሳቱ፣ እኛ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አይተን የመጨረሻ ቃል ልንናገር አይገባም።

ቤተሰቡንም ማወቅ የምዘናው አካል ነው። ልጁ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም ከሥልጠና በፊት በገበያ ሸክም ሲሠራ የሚውል ከሆነ፣ በሁለተኛው አጋማሽ መድከሙን እንደ ስንፍና ጽፎ ማለፍ በደል ነው። ተስፋ ያለው ልጅ መኖሩ ሲሰማ ደላላ ይመጣልና ወላጆች አስቀድመው ይወቁ፤ የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ተጫዋቾችን ከአገር አገር ማዘዋወርን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ይከለክላል። ስለዚህ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅን ውጭ አገር አስፈርማለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ገንዘብም ሰነድም አይሰጡት።

ውጤቱን ለወላጅ ሲናገሩ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» አይበሉ። ከመቼ እስከ መቼ፣ በስንት ጨዋታ እንዳዩት፣ ምን እንደቆጠሩ፣ ቁመቱ ምን ያህል እንደጨመረና የትኛው ነገር ገና እንዳልታየ ይንገሯቸው። ትምህርቱን እንዲያቋርጥ የሚያደርግ ምንም ዓይነት ተስፋ አይስጡ። በደብተሩ ገጽ ግርጌ ላይ የሚቀጥለውን ምልከታ ቀን ይጻፉ፤ ያልተመረጠውን ልጅ ገጽም ቢያንስ አሥራ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ አይቅደዱት፣ በየስድስት ወሩም ሜዳ ድረስ አስጠርተው እንደገና ይለኩት።