ነዳጅ ተቀድቶ «ቼክ ኢንጂን» ሲበራ የሚሠሩ ስህተቶች

መኪናው ከማደያ ወጥቶ ለገሃር ሳይደርስ ክሩስኮቱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት ትበራለች። ሹፌሩ «ነዳጁ ነው» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠው «ታፖው (የነዳጅ ክዳኑ) ላልቶ ነው» ይላል። መካኒኩ ደግሞ 10 ቁጥር ቁልፍ ይዞ ወደ ባትሪው ይሄዳል። ሦስቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ማስረጃ የሚያጠፋው ግን ሦስተኛው ነው።

የባትሪ ገመድ መንቀል። ይህ ነገር ስንት ጊዜ ይነገር? ኮምፒውተሩ መብራቷን ሲያበራ ኮድ ብቻ አይመዘግብም። ጥፋቱ በተያዘባት ቅጽበት የሞተሩ ዙር፣ የመኪናው ፍጥነት፣ የውሃው ሙቀትና የነዳጅ ማስተካከያው መቶኛ (ኮምፒውተሩ የጨመረው ወይም የቀነሰው ነዳጅ) ስንት እንደነበረ አብሮ ያስቀምጣል። ሞተሩ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዙር) ላይ ነበር ወይስ ቸርችልን ሽቅብ እየወጣ? ውሃው 30 ዲግሪ ነበር ወይስ 90? የምርመራው ግማሽ እዚያ ተጽፎ ተቀምጧል። ገመዱ ሲነቀል በብዙ መኪኖች ያ ሁሉ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያካሂዳቸው ፈተናዎችም ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ሚኒሞውም ይዋዥቃል። መብራቷ ግን ጠፍታለችና ሂሳብ ይከፈላል! ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ስትመለስ ባለመኪናው ሌላ ማደያ ይወቅሳል። ስካነር (የኮድ ማንበቢያ) ሰኩ። ርካሹ የብሉቱዝ ኢኤልኤም327 ከስልክ ጋር ይበቃል። የጸናውን ኮድ፣ ገና ያልጸናውን ኮድና የዚያችን ቅጽበት መረጃ ፎቶ አንሡ። ማጥፋት ከዚያ በኋላ ነው።

መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች መንዳት፦ አቁሙ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታላይዘሩ (የጭስ ማጣሪያው) ውስጥ ገብቶ ሊያቀልጠው ይችላል።

ነዳጁን ወዲያው መኮነን። አብዛኞቹ ጥፋቶች መብራቷን የሚያበሩት በሁለት ተከታታይ ጉዞ ከተገኙ በኋላ ነው። ማደያ ላይ ሞተር አጥፍቶ ማስነሳት አዲስ ጉዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ዛሬ የበራችው መብራት ጥፋቱ ትናንትም ነበረ ማለት ሊሆን ይችላል። ሰልባቲዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ከማራገፋችሁ በፊት ናሙና ውሰዱ። የነዳጅ ፖምፓውን ቫልቮላ (ፊውዝ) ነቅላችሁ፣ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ በማስነሳት ግፊቱን አርግቡ፤ ከዚያ ሩብ ሊትር ያህል በጠራ ብርጭቆ ቀድታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ውሃ ካለ ከታች ይረጋል። ናፍጣ ከጠረጠራችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ጣሉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይደርቃል፣ ናፍጣ ቅባታም ምልክት ይተዋል። የተበላሸ ነዳጅ ደግሞ ሲሊንደር አይመርጥም፤ ሁሉንም ያንቀጠቅጣል። ኮዱ ፒ0302 (ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም) ብቻ ከሆነ የሁለተኛውን ቦቢና (የካንዴላ እሳት ሰጪ) ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ፤ ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተሻገረ ማደያው ነጻ ነው።

ታፖው ላይ መፍረድ። ኮዱ ፒ0455 ወይም ፒ0457 (የነዳጅ ትነት ይፈሳል) ከሆነ ፍርዱ ልክ ሊሆን ይችላል። የታፖው ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) መሰንጠቁን እዩ፣ ቀጭ እስኪል አጥብቁ። በፒ0171 (ከአየሩ አንጻር ነዳጅ አንሷል) ምክንያት አዲስ ታፖ መግዛት ግን ገንዘብ መጣል ነው። ለጃፓንና ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች የሰልባቲዮውን ትነት መፍሰስ የሚፈትን ሥርዓት ጭራሽ የላቸውም፤ ታፖው ቢጠፋ እንኳ መብራት አያበሩም። ያላቸውም ቢሆኑ በአብዛኛው የሚፈትኑት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳና ነዳጁ በግምት ከ15 እስከ 85 በመቶ ሲሆን ነው። ሙሉ ቀድቶ ታፖ አጥብቆ፣ ማታውኑ ትጠፋለች ብሎ መጠበቅ አይሠራም።

«ወንድሜ፣ እስከ አፉ ሙላልኝ።» ሰልፉ እንደሚያስመርር ይገባናል። ግን መቅጃው አንዴ ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ የሚጨመረው ነዳጅ ትነት ብቻ እንዲይዝ ወደተሠራው የከሰል ካኒስተር ሊፈስ ይችላል። ከዚያ ሞተሩ ፈሳሽ ቤንዚን ይስባል፣ ፒ0172 (ነዳጅ በዝቷል) ይመጣል፣ ካኒስተሩም ይበላሻል።

ፐርጅ ቫልቩን (ትነቱን ከካኒስተሩ ወደ ሞተሩ የሚለቀውን) መርሳት። ጠዋት በደንብ የሚነሳ መኪና፣ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ሞተሪኖው (ማስነሻው) ብዙ ዞሮ፣ ጋዝ ተረግጦ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ሌላ ነገር ከመፍታታችሁ በፊት እዚህ ጀምሩ። ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቶ፣ ሲቀዳ የተከማቸውን ትነት ያለ ልክ ወደ ሞተሩ ይለቃል። ፈተናው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በቀዝቃዛ ሞተር አስነሡ፣ ከካኒስተር የሚመጣውን ቀጭን ጎማ ከቫልቩ ንቀሉና የቫልቩ አፍ ላይ ጣት አድርጉ፤ መሳብ የለበትም። ፈታችሁ ስትነፉበት ያለ ኤሌክትሪክ አየር ማሳለፍ የለበትም፤ 12 ቮልት ሲነካ ቀጭ ብሎ መክፈት አለበት። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ስትገዙም እዚያው ነፍታችሁ ግዙ።

የነዳጅ ማስተካከያውን ሚኒሞ ላይ ብቻ ማንበብ። 2,500 ዙር ላይም ያዙት። ሚኒሞ ላይ ፕላስ 20 ሆኖ በ2,500 ወደ ፕላስ 5 ከወረደ የምትፈልጉት አየር ሾልኮ የሚገባበትን ቀዳዳ ነው። ጋዝ ሲጨመር ከባሰ ፖምፓውን ወይም ፊልትሮውን ጠርጥሩ።

ማፕ ሴንሰሩን (የአየር ግፊት መለኪያውን) በባሕር ዳርቻ ልክ መመዘን። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ 76 ኪሎፓስካል ገደማ ሲያሳይ «ሞቷል» ብለው የሚጥሉት አሉ። መሃል አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ 76 ትክክል ነው። እዚህ 100 የሚያሳየው ነው የሚዋሸው።

ፐርጅ ቫልቩ ከተቀየረ በኋላ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ማስነሳት ምንም አያረጋግጥም። እስከ መጀመሪያው ቀጭታ ቅዱ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ጋዝ ሳትረግጡ አስነሡ። በአንድ ሁለት ሰከንድ ከተነሳና ሚኒሞው ካልተንገዳገደ ኮዱን አጥፉት።