ከባሕር ዳር ተነሥቶ ናርጋ ሥላሴንና ዳጋ እስጢፋኖስን ለመጎብኘት

በጣና ሐይቅ ላይ ከ30 በላይ ደሴቶች ቢኖሩም፣ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚነሣ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በቅርብ ወዳሉት ወደ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ወይም ወደ ዘጌ ነው። ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ሰው ይህ በቂ ነው። ሙሉ ቀን ያለው ግን ወደ ደቅ ደሴት ቢሻገር ይሻለዋል፤ የጎንደር ነገሥታት የግንብ አሠራር ከገዳም ጋር ተዋሕዶ ጎልቶ የሚታየው በደቅ ዳርቻ በሚገኘው በናርጋ ሥላሴ ነውና።

አስቀድሞ የሚያስፈልገው የጀልባ ውል ነው። ዋዜማውን ወደ ወደቡ ወርደው ከጀልባ ነጂዎች ጋር ሲነጋገሩ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የትኞቹ ደሴቶች ላይ እንደሚቆሙ፣ በየደሴቱ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቁዎትና ነዳጁ በሒሳቡ ውስጥ ይግባ አይግባ ቁርጡን ይነጋገሩ። የመንሳፈፊያ ጃኬቱንም በዓይንዎ ይዩት፤ ማሰሪያው የተበጠሰ ጃኬት ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል። የአካባቢው ጸጥታና የጀልባ እንቅስቃሴ በዚያ ሳምንት ምን እንደሚመስል መጠየቅም አይርሱ።

መነሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ጉዞው እንደ ሞተሩ ጉልበት ቢለያይም ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ጠዋት ጸጥ ብሎ የሚያድረው ሐይቅ ደግሞ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ትንሽ ጀልባን በእጅጉ ያንገላታል። ምሳና የሚጠጣ ውኃ፣ ነጠላ፣ እንዲሁም ለመግቢያና ለአስጎብኚ የሚሆን ዝርዝር ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለበት በዳርቻው በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት አይመከርም።

ናርጋን ያሠሩት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው ያስተዳድሩ የነበሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ከጀልባ እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ከመገስገስ ይልቅ ቅጥሩን በእርጋታ ይመልከቱት፤ ድንጋዩና የበሩ ግንብ የጎንደርን አብያተ መንግሥት ያስታውሳሉ። ጫማዎን አውልቀው ሲገቡ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ የተከፈለ መሆኑን ያያሉ፤ መቅደሱ ለካህናት ብቻ ሲሆን ጎብኚ የሚያየው የመቅደሱን የውጭ ግድግዳ የሸፈኑትን ሥዕሎች ነው። ከሥዕሎቹ መካከል ልጇን ከታቀፈችው ከእመቤታችን እግር ሥር የተደፉትን ምንትዋብን ይፈልጉ። በአገር ደረጃ ሥልጣን የነበራቸው ሴት ራሳቸውን እንዲህ ዝቅ አድርገው ማሣላቸው፣ በእኔ ግምት፣ ከግንቡ ይልቅ ስለ እርሳቸው ብዙ ይናገራል።

አስጎብኚዎች አንድ የእንጨት ቅርጽ አሳይተው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው ይሉዎታል። ብሩስ ጎንደር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከታነጸ በኋላ ስለሆነ፣ ወሬውን በፈገግታ መስማቱ ይበቃል። ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ብልጭታ ግን ቀለሙን ስለሚጎዳ ቢፈቀድልዎም አይጠቀሙ። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ወደ ቀትር በመሆኑ ጠዋት መድረስ ይጠቅማል፤ እሑድ ግን ጠዋቱ የቅዳሴ ነው፣ ስለዚህ ለጉብኝት ሌላ ቀን ይምረጡ።

ከደቅ በስተ ምሥራቅ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴቶች ወደ ላይ መውጣት ስለማይፈቀድላቸው፣ ሴቶች ያሉበት ቡድን ጊዜውን ሁሉ ናርጋ ላይ ቢያሳልፍ የተሻለ ነው። ወንዶች ከወደቡ ዳገቱን ወጥተው ገዳሙ ሲደርሱ፣ በዕቃ ቤቱ የመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን የነገሥታት ዐፅም እንዲያሳዩዋቸው አባቶችን በትሕትና ይጠይቁ። ከነዚህ መካከል የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል እንደሚገኙበት ገዳሙ ይናገራል። በውኃ የተከበበው ደሴት ራሱ ምሽግ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ወደ ጣና ደሴቶች የሸሸው በዚሁ ምክንያት ነው። ሣጥኑን መንካትም ሆነ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሣት ነውር ነው።

ሁለቱን ደሴቶች በአንድ ቀን ለማየት የሚፈልግ ሰው ከናርጋ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ መነሣት፣ ከዳጋ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ሳያልፍ ወደ ባሕር ዳር መመለስ አለበት። ነፋሱ ቀድሞ ከተነሣና ጀልባ ነጂው ዳጋን እንተወው ካለ፣ አይከራከሩት፤ የዳጋ ድርሻ የሆነውን ሒሳብ ግን ከመሳፈርዎ በፊት በውሉ ውስጥ ለይተው ይነጋገሩበት።