የመጀመሪያ የአጋዘን ጠመንጃ፦ ጥይት ሲበተን፣ ቅንድብ ሲደማ፣ ትከሻ ሲበልዝ

ይህ ለአሜሪካ አዲስ አዳኞች ነው። በተለይ እዚህ ቨርጂኒያ በጠመንጃ የሚታደንበት የአጋዘን ወቅት ኖቬምበር ላይ ሊከፈት ሲል ጠመንጃ ይዘው ወደ ተኩስ ሜዳ ለሚመጡ የሀገሬ ልጆች። የአፈሙዝ አያያዝና ጥይት አጎራረስ በአዳኞች ትምህርት ላይ ስለተማራችሁት አልደግመውም።

ምልክት፦ ጥይቱ አንድ ቦታ አያርፍም

በ100 ያርድ አንዱ ታች፣ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ደግሞ መሃል ይገባል። ብዙ በተኮሳችሁ ቁጥር ይብሳል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ስኮፑን፣ ማለትም ማነጣጠሪያ መነጽሩን ነው።

የስኮፑ ማሰሪያ ብሎኖች ላልተው እንደሆነ እዩ። ካልላሉ ጥሩ ተኳሽ የሆነ ሰው በዚያው ጠመንጃ፣ በዚያው ጥይት ሦስቴ ይተኩስላችሁ። የእሱ ጥይቶች ተጠጋግተው ካረፉ ጠመንጃው ጤነኛ ነው። ችግሩ ርግጫው፣ ማለትም ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታችሁ ምት ነው። ሰውነታችሁ ምቱን ቀድሞ ይሸማቀቃል። ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ወደ ፊት ይገፋል፣ ጣት ምላጩን ይመነጭቀዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ባሩድ የሌለው መለማመጃ ጥይት ግዙ። ጓደኛችሁ እናንተ ሳታዩ አንዴ እውነተኛውን፣ አንዴ መለማመጃውን ያጉርስላችሁ። ምላጩ "ቀጭ" ብሎ ተኩስ ሳይኖር አፈሙዙ ከዘለለ ወይም ከደፋ ምክንያቱ ተገኘ።

አንድ ወንድማችን ስኮፕ ሁለቴ ቀይሮ ነበር የመጣው። የገዛው .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ነው፤ ያውም ፕላስቲክ ሰደፍ ያለው ቀላል ጠመንጃ። ሻጩ "ከአጋዘን እስከ ኤልክ (ትልቁ የአጋዘን ዘመድ) አንድ ጠመንጃ ይበቃሃል" ብሎታል። እሱም "ሀገር ቤት ክላሽ ተኩሻለሁ" ብሎ ተማምኗል። የክላሽ ጥይት ትንሽ ነው፤ የዚህኛው ርግጫ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። መለማመጃ ጥይት አጎረስኩለት። ምላጩን ሲስብ አፈሙዙ ደፋ ብሎ የአሸዋ ከረጢቱን ነካ፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ተጨፍነዋል። ስኮፑ ምንም አልነበረበትም። ጠመንጃውን አስቀምጦ ርግጫው እምብዛም በማይሰማው በትንሹ ጥይት በ.22 ጀመረ፣ ከዚያ ርግጫው ለስለስ ወዳለው .243 ተሻገረ። ጥይቶቹ መጠጋጋት የጀመሩት ያኔ ነው።

በዚህ ነገር ሻጮች ያናድዱኛል። ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ነጭ ጅራት አጋዘን ለሚያድን ጀማሪ ማግነም መሸጥ ሰውየውን ከአደን ማባረር ነው።

መጠኑን እዩት። 8 ፓውንድ በሚመዝን ጠመንጃ .243 ዊንቸስተር ወደ 9 ፉት ፓውንድ (የርግጫ ጉልበት መለኪያ ነው) ይራገጣል። 6.5 ክሪድሞር 12 አካባቢ፣ .308 ዊንቸስተር 16 አካባቢ፣ .30-06 ደግሞ 20 አካባቢ ነው። .300 ማግነም ከ25 ያልፋል። እንደ ጥይቱ ትንሽ ይለያያል። ክብደትን ደግሞ አትርሱ፦ ያንኑ ጥይት በ6 ፓውንድ ጠመንጃ ብትተኩሱት ርግጫው በሲሶ ይጨምራል። መደብር ውስጥ ስታነሱት ደስ የሚል ቀላል ጠመንጃ ተኩስ ሜዳ ላይ ያስለቅሳል።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጠመንጃ .243፣ 6.5 ክሪድሞር ወይም 7ሚሜ-08 ያዙ። ከነስኮፑ 8 ፓውንድ አካባቢ ይሁን። 100 ግሬን (6.5 ግራም አካባቢ) የሚመዝን አረር ያለው .243 ልብና ሳንባ ላይ ካረፈ አጋዘን ይጥላል። ሆድ ላይ ያረፈ ማግነም ግን እንስሳውን ያሰቃያል እንጂ ቶሎ አይጥለውም።

ከመግዛታችሁ በፊት የምታድኑበትን ግዛትና ካውንቲ ሕግ እዩ። ቨርጂኒያ ለአጋዘን ከ.23 በታች አትፈቅድም፤ ስለዚህ .223 አይሆንም። ለአጋዘን እንዲህ ያለ ጠመንጃ (ራይፍል) ጨርሶ የማይፈቀድባቸው ካውንቲዎችም አሉ።

ሽምቅቅታው ከያዛችሁ እንዲህ አድርጉ። ቤት ውስጥ በባዶ ጠመንጃ ምላጭ መሳብ ተለማመዱ። ጥይት እዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር፤ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ሁለቴ አረጋግጡ። አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ምላጩ ሲለቅ ሳንቲሙ ካልወደቀ ጥሩ ነው። ተኩስ ሜዳ ላይ አብዛኛውን በ.22 ተኩሱ፤ በትልቁ ከ10 እስከ 15 ጥይት ተኩሳችሁ አቁሙ። ሳጥኑን ሙሉ ካልጨረስኩ ማለት ድንጋጤን መለማመድ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባውንና ከላይ የሚደረገውን መከላከያ አብራችሁ አድርጉ፤ ሰው የሚደነግጠው ከድምፁም ጭምር ነው። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ርግጫ መቀነሻ ይሠራል፣ ግን ድምፁን ወደ እናንተና ወደ ጎረቤታችሁ ይመልሰዋል። ያለ ጆሮ መከላከያ በፍጹም አትተኩሱበት።

ምልክት፦ ትከሻ ይበልዛል

ብዙ ጊዜ ሰደፉ ክንድ ላይ ነው የተቀመጠው። ከአንገት አጥንት በታች፣ ከክንድ መገጣጠሚያ ወደ ውስጥ ባለው ጎድጓዳ ቦታ አስገቡትና አጥብቃችሁ ሳቡት። ክፍተት ከተዋችሁ ሰደፉ ተንደርድሮ ይመታችኋል። ጠረጴዛ ላይ እጥፍ ብላችሁ አትተኩሱ፤ ቀና በሉ፣ ሰውነት ከምቱ ጋር ይወዛወዝ። የርካሽ ጠመንጃ ሰደፍ ጫፍ ላይ ያለው እንደ ድንጋይ የደረቀ ጎማ የማይረባ ነገር ነው። ለስላሳውን ግዙ፤ ከአዲስ ስኮፕ በጣም ይረክሳል። ሰደፉ ለሚስታችሁ ወይም ለልጃችሁ ከረዘመም አሳጥሩት፤ የረዘመ ሰደፍ ክንድ ላይ ያርፋል።

ምልክት፦ ስኮፑ ቅንድብ ይቆርጣል

ዓይን በጣም ተጠግቷል። ከስኮፑ ጠርዝ እስከ ዓይን 9 ወይም 10 ሴንቲሜትር ይኑር። የአደን ጃኬታችሁን ለብሳችሁ ለኩት፤ ወፍራም ልብስ ርቀቱን ይቀይራል። ሽቅብ ስትተኩሱ ጭንቅላት ወደ ስኮፑ ይጠጋል፤ እዚያ ላይ ተጠንቀቁ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሱ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ከዚያ ጥይቱን አውጡ።

ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለ ሌላ ጥይት አታስከትሉ። አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ጠመንጃውን ፊታችሁ ላይ ያፈነዳዋል። ጠመንጃውን ባዶ አድርጉ፣ ውስጡን ከኋላ በኩል በብርሃን እዩ፤ ከተዘጋ ራሳችሁ አትነካኩት፣ ለጠመንጃ ጠጋኝ ስጡት።