የውስጥ አካላትን ነርቮች በእጅ እየሳሉ ማጥናት

የሰውነት አካላት ጥናትን ለጀመረ የሕክምና ተማሪ የምመክረው፣ የነርቮቹን ስም ከሠንጠረዥ ላይ ከመሸምደድ ይልቅ ከመነሻ እስከ መድረሻቸው ያለውን መንገድ በእጁ እንዲስል ነው። አንድ ሰፊ ወረቀት፣ ሰማያዊና ቀይ እርሳስ ይበቃሉ።

አንጎልን፣ ህብለ ሰረሰርን፣ ልብን፣ ሳንባን፣ ጨጓራን፣ አንጀትንና ፊኛን በቀላል መስመር ካስቀመጡ በኋላ፣ ቫገስ የሚባለውን 10ኛውን የራስ ቅል ነርቭ በሰማያዊ ይጀምሩ። ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በራስ ቅል ወለል በኩል ይወጣና፣ አንገት ላይ ከትልቁ ደም ቅዳና ከትልቁ ደም መልስ ጋር በአንድ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወርዳል። ደረት ላይ ሲደርሱ ቀስ ይበሉ፤ ቫገስ ከሳንባ ሥር (የአየርና የደም ቧንቧዎች ወደ ሳንባ ከሚገቡበት ቦታ) በስተኋላ ሲያልፍ፣ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) የሚያንቀሳቅሰው ፍሬኒክ ነርቭ ግን በስተፊት ያልፋልና ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። የግራው ቫገስ የሚሰጠው አንዱ ቅርንጫፍ በአኦርታ (ከልብ በሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ) ቅስት ሥር ታጥፎ የድምፅ አውታሮች ወዳሉበት ማንቁርት ይመለሳል፤ በደረት ውስጥ ያለ ዕጢ የታማሚውን ድምፅ ሊያሻክር የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰማያዊው መስመር ወደ ሆድ ወርዶ፣ አግድም ከሚሄደው የትልቁ አንጀት ክፍል ሁለት ሦስተኛው ላይ ያበቃል። ቀሪውን አንጀትና ፊኛን የሚያገኙት ሰማያዊ መስመሮች ከህብለ ሰረሰር ከ2ኛው እስከ 4ኛው የሰክራል (ከወገብ በታች ያለው) ክፍል ይነሣሉ።

ሰማያዊው አካልን የሚያረጋጋው የፓራሲምፓቴቲክ ነርቮች መስመር ሲሆን፣ ቀዩ አካልን ለአደጋና ለጥረት የሚያዘጋጁት የሲምፓቴቲክ ነርቮች ነው። ከ1ኛው የደረት እስከ 2ኛው የወገብ የህብለ ሰረሰር ክፍል ብቻ ይነሣል። ወደ ልብና ወደ ሳንባ የሚሄዱት ነርቮች ከአከርካሪ ግራና ቀኝ ባለው የጋንግሊዮን (የነርቭ ሴሎች ስብስብ) ሰንሰለት ሲቀባበሉ (መልእክቱን ለቀጣዩ ነርቭ ሲያስተላልፉ)፣ ወደ ሆድ የሚወርዱት አብዛኞቹ ሰንሰለቱን አልፈው በአኦርታ ፊት ባሉት ጋንግሊዮኖች ይቀባበላሉ። ይህን ልዩነት በትልቅ ነጥብ ያመልክቱ፤ ተማሪን የሚያሰናክለው እዚህ ላይ ነውና።

ሥዕሉን በትርፍ አንጀት ሕመም ይፈትኑት። ሕመሙ መጀመሪያ እምብርት አካባቢ የሚሰማው፣ ስሜቱን የሚያደርሱት ነርቮች ቀዩን መንገድ ተከትለው ወደ 10ኛው የደረት ክፍል ስለሚገቡ ነው፤ የእምብርት ቆዳም ስሜቱን የሚልከው ወደዚያው ክፍል ነው። ብግነቱ የሆድ ግድግዳን የውስጥ ሽፋን ሲነካ ግን፣ ያ ሽፋን የሚጠቀመው የግድግዳውን ነርቮች በመሆኑ፣ ሕመሙ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ወርዶ ታማሚው በጣቱ ሊያሳየው ይችላል።